12 ዓመት የሞላው አሮጌ መቅደስ

ጥያቄዬ አጭር ናት። መንደርደሪያዋ ግን ትንሽ ትረዝማለች፤ ታገሱኝ።

ለሥልጠና ጃፓን፣ ናጎያ ከመጣሁ ሁለት ወር አለፈኝ። ከማሠልጠኛና ከማደሪያ በቀር ምንም ሳላይ ልመለስ ነው ብዬ ስጨነቅ ከረምኩ። በመጨረሻ ኅዳር 20 ቅዳሜ ማታ ባቡር ይዤ ኢሴ የምትባል ከተማ ወረድኩ። እዚያው አደርኩ። ሊነጋጋ ሲል ናይኩ ከሚሉት ከውስጠኛው መቅደስ ደጃፍ ደርሻለሁ። ስፍራው አማተራሱ የምትባለዋ የፀሐይ አምላክ የምትከበርበት ነው። ሺንቶ በሚሉት በጃፓኖች ነባር እምነት ከዚህ የሚበልጥ የለም ይላሉ።

ደጃፉ መዝጊያ የለውም። ሁለት ወፋፍራም ምሰሶ፣ ከላይ ሁለት አግዳሚ፤ በቃ። ቶሪ ይሉታል። ከሱ አልፎ መቶ ሜትር ገደማ የሚሆን የእንጨት ድልድይ አለ። ሥሩ ኢሱዙ የሚባል ወንዝ ይፈሳል። በዚህ ወቅት ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ወጥታ ልክ በሁለቱ ምሰሶ መሃል ትገባለች። ሰው ሁሉ ስልኩን ደግኖ ቆሟል። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ፀሐይዋ ስትገባ ማንም አልጮኸም። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን መሬት አኑረው ጎንበስ አሉ። ቀና እስኪሉ ድረስ እኔም ሳላውቀው ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ውስጡ ጫካ ነው። መንገዱ ጠጠር የፈሰሰበት ስለሆነ የራስህ እርምጃ ይሰማሃል። ሰው ሲበዛ የሁሉም እርምጃ ተደርቦ እንደ ዝናብ ይሆናል። ዛፎቹ ለሁለት ሰው እቅፍ የሚተርፉ ናቸው። ሰው እየነካካ ልጣቸውን ስለጨረሰው ግንዳቸው ዙሪያውን ቀርከሃ ታስሮለታል። ወንዙ ዳር ሰፋፊ የድንጋይ ደረጃዎች አሉ። ተሳላሚው እዚያ ወርዶ እጁን ይታጠባል። እኔም ወረድኩ፤ ውኃው አጥንት ድረስ ገባ።

ዋናው መቅደስ ጋ ስትደርስ ግን የምታየው ነገር የለም። ከደረጃው በላይ ፎቶ ክልክል ነው። አጥር፣ ከአጥሩ ኋላ ሌላ አጥር፣ በሩ ላይ ነጭ መጋረጃ። ነፋስ መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርገው የሣር ክዳኑ ጫፍ ይታያል፤ ተመልሶ ይከደናል። ኮፍያዬን አውልቄ ትንሽ ቆሜ ወረድኩ።

ጉዴ የጀመረው ስወርድ ነው። ከመቅደሱ ጎን፣ በስፋት እኩያው የሆነ ባዶ ቦታ አለ። ጠጠር ብቻ። መሃሉ ላይ የዶሮ ቤት የምታህል አንዲት የእንጨት ጎጆ ቆማለች። መቅደሱን በየ20 ዓመቱ ከዚህ ቦታ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ እያዛወሩ እንደ አዲስ ይሠሩታል። የመጀመሪያው በእቴጌ ጂቶ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ690 ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዴም ሳይቋረጥ 62 ጊዜ ሆነ። የአሁኑ እ.ኤ.አ. የ2013 ሥራ ነው። ባዶው ቦታ 2033ን ይጠብቃል። መቅደሱ ፊት አምስት ደቂቃ አልቆየሁም። ባዶው ቦታ ፊት ግን ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ እንጨቱ 12 ዓመቱ ነው። ሁሉም ሰው ደግሞ የ1300 ዓመት መቅደስ ይለዋል። ያረጀው የቱ ነው?

---

ይህን ከለጠፍኩ ሳምንት ሆነ። መልሱ 27 ደርሷል። ግማሹ ተሰርዟል፤ አንዳንዱም መሰረዝ ነበረበት። ዘግይታችሁ ለመጣችሁ እንዲመቻችሁ የተባባልነውን በራሴ አፍ ልተርክላችሁ። የሳትኩት ካለ አርሙኝ።

ምላሽ 1 ቀልደኛ ነው። የሱም ኪራይ ቤት በየጊዜው ይታደሳል፤ የሚያረጀው ግን እሱ ራሱ ነው። ሰው ሳቀለት። እኔም ሳቅኩ።

ምላሽ 2 ናጎያ 14 ዓመት የኖረች እህት ናት። ጨዋ ሰው። መጀመሪያ እንኳን ደህና መጣህ ብላ፣ ቀጥላ በለስላሳው ቀጣችኝ። ለካ ኢሴ ሁለት ዋና መቅደስ ነው ያለው። የውጭኛው ጌኩ ይባላል፤ የምግብና የእህል አምላክ የሆነችው የቶዮኡኬ ነው። ደንቡ ጌኩን ተሳልሞ ወደ ናይኩ መሄድ ነው። አንዱን ብቻ ማየት ጎዶሎ መሳለም ይባላል፤ ስምም አለው፤ ካታማይሪ። ጌኩ ደግሞ ከባቡር ጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። አልፌው ነው የሄድኩት ማለት ነው። ትንንሾቹ ሲቆጠሩ ኢሴ ጂንጉ ማለት 125 መቅደስ ነው።

እሷ ከጻፈችው ሁሉ የያዘኝ ግን ስለ ጌኩ ምግብ ያለችው ነው። እዚያ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ለአማልክቱ ገበታ ይቀርባል። ይህ ወደ 1500 ዓመት እንደዘለቀ ይነገራል። ሩዝ፣ ጨው፣ ውኃ፣ ዓሣ፣ የባሕር ቅጠል፣ አትክልት፣ የሩዝ ጠላ። እሳቱን በክብሪት አይለኩሱትም። እንጨት ከእንጨት አፋትገው ነው። ሩዙም ጨውም የሚመጣው ከመቅደሱ ከራሱ ማሳና ከራሱ ጨው ማውጫ ነው። ዝናብ ሆነ አውሎ ነፋስ፣ በቀን ሁለቴ። ጥያቄዬን በቀጥታ አልመለሰችም። መልሱ ግን እዚህ ውስጥ ያለ መሰለኝ።

ምላሽ 3 በቁጣ ገባ። ጥፋቴን በዝርዝር አስቀመጠው። እሑድ ነው፤ ኅዳር 21 ነው፤ ጽዮን ማርያም ናት። እኔ ደግሞ ወንዝ ወርጄ እጄን ታጥቤ ጣዖት ፊት ኮፍያ አወልቃለሁ። መቅደስ የሚለውን ቃል ለዚያ ቤት መስጠቴም አንገብግቦታል። እውነቱን ለመናገር ቀኑን አልቆጠርኩትም ነበር። ሲያነሳው ደንግጫለሁ። ኮፍያ ማውለቅ ግን የሰው ቤት ስገባ ሁሉ የማደርገው ነው።

ምላሽ 4 ታሪክ አዋቂ ነው፤ ለሰላምታ ጊዜ የለውም። አንዴም ሳይቋረጥ ያልኩት ስህተት ነው። 15ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ጃፓን እርስ በርሷ ስትባላ የመቅደሱ ሥራ ቆሟል። ናይኩ ከ1462 እስከ 1585 አልተሠራም። ጌኩ ደግሞ ከ1434 እስከ 1563። ይህ ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ሌላም ጨመረ። ለ1949 የተያዘው ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ስለደኸየ ወደ 1953 ተገፋ። ድልድዩን ግን አልገፉትም፤ በ1949 ሠሩት። ከዚያ ወዲህ ድልድዩ መቅደሱን በአራት ዓመት ይቀድማል። አመሰገንኩት። መልስ አልሰጠም። እንዲህ ዓይነት ሰው ለምስጋናም ጊዜ የለውም መሰለኝ።

ምላሽ 5 እኔ ያሰብኩትን ተቃራኒ ያሰበ ነው። ላሊበላን አመጣ። የኛ ሰው ለዘላለም ብሎ ከዓለት ፈለፈለ። እነሱ ለ20 ዓመት ብለው በእንጨት ይሠራሉ። ለሱ አሮጌ ማለት ጣትህን የምታሳርፍበት፣ ንጉሡ ያየው ድንጋይ ነው። ኢሴ ያለው ቅጂ ነው፤ ቆንጆ ቅጂ፤ ግን ቅጂ።

ምላሽ 6 እዚህ ላይ ከረር አለ። ዓለቱም እኮ እየተሰነጠቀ ነው። ዝናብ እንዳይበላው ከላይ ትልልቅ የብረት ጣራ ቆሞበታል፤ ጣራው ራሱ ሕንጻውን ይጎዳል የሚል ስጋት መጥቷል። ዓለቱ ሲፈርስ መልሶ የሚፈለፍለው ማን ነው? ቅጂ ባልከው አገር የሚሠራውን ሰው አላጡትም።

ከዚያ ምላሽ 7 መጣ፤ የክሩ ሁሉ ምርጡ። አናጢ ነው። አዲስ አበባ ተምሮ አሁን ዋሽንግተን አካባቢ ቤት ይሠራል። ኢሴን በዓይኑ አላየም። ግን ስለ እንጨቱ አንብቦ አንብቦ ጠግቧል። እንጨቱ ሂኖኪ ይባላል፤ ከኛ ጥድ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ቀለም አይቀቡትም። ምሰሶው ድንጋይ ላይ አይቆምም፤ እንደኛ ገጠር ቤት መሬት ተቆፍሮ ይተከላል። መሬት ውስጥ የገባ እንጨት ደግሞ የትም አገር ይበሰብሳል። ሣሩም ያረጃል። ስለዚህ ማደሱ ግድ ነው። በየስንት ዓመቱ የሚለው ነው ጨዋታው።

20 ዓመት ለምን ሆነ? የጥንቱ ጽሑፍ ምክንያቱን አያስቀምጥም። አናጢው ግን የሚያሳምነው አንድ ነው፤ እኔንም አሳመነኝ። በሃያዎቹ ዕድሜህ ገብተህ መጋዝ ትስላለህ፣ እንጨት ትሸከማለህ፣ ታያለህ። በአርባዎቹ አንተ ትሠራለህ። በስልሳዎቹ ቆመህ ታሠራለህ። ሃምሳ ዓመት ቢሆን ኖሮ ያየ ሰው ሞቶ ይጠብቅህ ነበር። እሱ ራሱ ጌታው ሲሞት አንድ የማገጣጠም ዘዴ አብሮት እንደተቀበረ ጻፈ። አሥር ጊዜ ሲሠራ አይቶታል። ሁልጊዜ ግን መብራት ያዥ ነበር፤ እጁ አልነካውም። አሁን ይሞክረዋል፤ አይገባለትም። እዚህ ላይ ጽሑፉ ተቋረጠ። ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ነኝ አለ።

ከ8 እስከ 13 ያለውን እንዴት ልንገራችሁ። አንዷ እህት በየዋህነት፣ እዚያ ምን ይበላል ብላ ጠየቀች። ክሩ ሄደ፤ አልተመለሰም። ከድልድዩ ወጣ ብሎ ባለው የድሮ መንገድ ላይ አካፉኩ የሚባል የሩዝ ሊጥ ጣፋጭ ይሸጣል። ቤቱ ከ1707 ጀምሮ አለ። ለስላሳ የሩዝ ሊጥ፣ ከላዩ የተፈጨ ቀይ ባቄላ ከስኳር ጋር። ባቄላው ላይ የጣት ምልክት አለ፤ የኢሱዙን ወንዝ ሞገድ ለማምሰል ነው። እኔ ሦስት በልቻለሁ ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው የነቢያት ጾም ተነሳ። ሩዝ፣ ባቄላ፣ ስኳር፤ ጾም ነው፤ በዚህ ሁሉም ተስማማ። ምላሽ 3 እንኳን ዝም አለ።

የኢሴ ኡዶን ግን አጣላ። ወፍራም ለስላሳ የስንዴ ፓስታ ነው፤ ጥቁር ወጥ ይደረግበታል። ምላሽ 10 ወጡ የአኩሪ አተር ነው፤ ብሉ አለ። ምላሽ 11 መረቁ ከደረቅ ዓሣ ነው የሚወጣው ብሎ አስደነገጠን። ከዚያማ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የማያልቅ ክርክር ተከፈተ። ይህን አልተርክላችሁም። በየዓመቱ እዚሁ መድረክ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ሰዎቹም ያው ናቸው።

ምላሽ 14 ወደ ዋናው ነገር መለሰን። ግን ሳቅ ይዞ አልመጣም። ጫካውንና ጠጠሩን ስናደንቅ ስፍራው ያለፈበትን ረስተናል ባይ ነው። ሜጂ ንጉሠ ነገሥት በ1869 ኢሴን ተሳለመ። ከጂቶ ወዲህ በዙፋን ላይ ሆኖ የሄደ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ሺንቶ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። የንጉሡ ዘር ከአማተራሱ ይወርዳል የሚለው ነገር በትምህርት ቤት ተሰበከ፤ ወታደሩ በሱ ስም ቻይናና ኮሪያ ላይ ዘመተ። በታኅሣሥ 1945 አሜሪካኖቹ ሃይማኖቱንና መንግሥቱን በትእዛዝ ለያዩ። እንግዲህ ሰላም የተሰማህ ቦታ ይኼ ነው አለኝ።

ምላሽ 15 ተሳደበ። ተሰርዟል።

ምላሽ 16 ሁለተኛዋ ናት፤ ተመለሰች። ድምጿ ተቀይሯል። 14 የጻፈው አንድም ሐሰት የለበትም፤ እዚያው አገር የሚኖሩ ጃፓኖችም የሚከራከሩበት ነው። በ2016 የቡድን ሰባት መሪዎች ጉባኤ ኢሴ አጠገብ ሲደረግ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንግዶቹን ይዞ ናይኩ መግባቱ የሃይማኖትና የመንግሥት ድንበር አልፏል ያሉ ነበሩ። ግን ለ14 አንድ ጥያቄ አላት። ከ1945 በኋላ መንግሥት ገንዘብ መስጠት አይችልም። የ2013ቱ ሥራ ከ50 ቢሊዮን የን በላይ ፈጅቷል። ማን ከፈለው? መቅደሱ ራሱ፣ ድርጅቶችና ከየመንደሩ ያዋጣ ሕዝብ። ያቺ ጎረቤቷ የሆነች ዳቦ ጋጋሪ ሴትዮ ያዋጣችው ለዘመቻ አይደለም። ምላሽ 14 ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል ብሎ ለቀቀ። እኔም እዚህ ላይ ምንም አልጨመርኩም። ግማሽ ሰዓት ቆሜ የተሰማኝን ነገር አልመልሰውም፤ ታሪኩንም አላውቅም አልልም።

ምላሽ 17 ከጎጃም ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። እሳቸው ሲጽፉ ሰው ሁሉ ረጋ ይላል። በልጅነታቸው የደብራቸው ቤተ ክርስቲያን ሣር ክዳን ነበረው። ሣሩ ሲያረጅ አገሬው በደቦ ይወጣል። አንዱ ያጭዳል፣ አንዱ ይሸከማል፣ ሴቶች ጠላና ንፍሮ ይዘው ይመጣሉ። ጣራ ላይ የሚወጡት ክዳን አዋቂዎች ናቸው። ልጆች ከታች ሆነው ነዶ ያቀብላሉ። እሳቸውም አቀብለዋል። ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። ጥሩ ነው፤ አያፈስም። ክዳን አዋቂዎቹ ግን አንድ በአንድ አለቁ። ዛሬ ያንን ጣራ በሣር መልሰህ ክደን ብትባል የሚያውቅ ሰው በወረዳው የለም። አናጢውን ስሙን ሳይጠሩ፣ ልጄ፣ አንተ መብራት ብቻ እንደያዝክ እኔም ነዶ ብቻ ነው ያቀበልኩት ዓይነት ነገር አሉት። ምላሽ 7 ጋሼ ብሎ ጀምሮ፣ የሰጣቸው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ጉልበታቸውን ስሟል።

ምላሽ 18 ይህን ሰበብ አድርጎ ፒያሳ ገባ። የፈረሱት ቤቶች፣ ኮሪደር ልማት፣ ምን ቀረልን። ምላሽ 19 ጭቃ ቤት ውስጥ የኖርክ አይመስልም ሲል መለሰለት። ምላሽ 20 አወያዩ ነው፤ ሁለቱንም ሌላ ክር ክፈቱ ብሎ ሸኛቸው። ለኔ ግን 18 የጻፋት አንዲት ነገር ቀረችብኝ። ኢሴ ሲፈርስ አዲሱ አጠገቡ ቆሞ ነው የሚፈርሰው።

ምላሽ 21 መጋረጃውን አነሳች። ውስጥ ያለው ምንድን ነው ብላ። ምላሽ 22 መለሰላት። ያታ ኖ ካጋሚ የሚባል መስታወት ነው። ከሦስቱ የንግሥና ምልክቶች አንዱ ነው። ማንም አያየውም፤ ፎቶ የለውም። አዲሱ ቤት ሲያልቅ በሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በነጭ ሐር ጋርደው ያዛውሩታል። 22 ቀጥሎ የማይቀረውን አለ። ይኼ ነገር እኛ ዘንድ የምናውቀው አይመስላችሁም? መጋረጃ፣ የማይታይ፣ በካህን ብቻ የሚነካ።

ምላሽ 3 ሳምንቱን ሙሉ ይህን ሲጠብቅ የነበረ ይመስላል። ምላሽ 23 የሱ ነው፤ ረጅም ነው። ታቦት ሕጉ የተጻፈበት ነው፤ ከመስታወት ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲውል አይፈልግም። መሸፈኑ አያመሳስለውም፤ የተሸፈነው ነገር ነው የሚለየው። ተቆጥቷል፣ ግን ክርክሩ ደካማ አልነበረም። ምላሽ 24፣ ኦሳካ የሚኖር ሙስሊም ወንድማችን፣ በአጭሩ ገላገላቸው። እሱም ይሄዳል። አይሰግድም፣ እንደ ተሳላሚዎቹ አያጨበጭብም። ከድልድዩ መልስ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይመለሳል። ጥበቃዎቹ አንድ ቀን ለምን አላጨበጨብክም ብለውት አያውቁም።

እኔም እዚህ ላይ ገብቼ ለ3 አንድ ነገር ጻፍኩ። ጽዮንን አንተ ስላነሳህ ልጠይቅህ፤ አክሱም ያለችው አሮጌዋ ሕንጻ አህመድ ግራኝ ካቃጠለ በኋላ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲለደስ የተሠራች ናት። ጥንታዊት ጽዮን ስንል ድንጋዩን ነው ወይስ ሌላ ነገር? መልሱ ቶሎ መጣ፤ ቁጣውም በርዶ ነበር። ድንጋዩን አይደለም አለ። ቦታውን፣ ታቦቱን፣ እና ቅዳሴው አለመቋረጡን። ከዚያ አስቦበት መሰለኝ፣ ይህ ግን ላንተ ጥያቄ መልስ እንዲሆን አልጻፍኩትም ሲል አከለበት።

ምላሽ 25 ኮቤ የሚኖር ተማሪ ነው። እንጨቱ የት ይሄዳል ብሎ የጠየቀ እስካሁን አለመኖሩ ገርሞታል። አይጥሉትም። የ2013ቱ ሥራ ሲያልቅ የአሮጌው ቤት እንጨት በየአገሩ ላሉ መቅደሶች ተከፋፈለ። በ1995 የመሬት መንቀጥቀጥ ኮቤን ሲመታ የኢኩታ መቅደስ የድንጋይ ቶሪ ወደቀ። በምትኩ የቆመው ከኢሴ በመጣ አሮጌ ምሰሶ ነው። በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ያልፍበታል።

የቀጠለው ነገር ግን ደም ሥሬን ነካኝ። ትልቁን ጣራ ከሁለት ጫፍ የሚሸከሙት ምሰሶዎች 20 ዓመት ካገለገሉ በኋላ ይላጣሉ፣ ይስተካከላሉ፤ ከዚያ የድልድዩ ሁለት ጫፍ ላይ ቶሪ ሆነው ይቆማሉ። በውስጥ በኩል ያለው ከናይኩ ምሰሶ፣ በውጭ በኩል ያለው ከጌኩ። እዚያ ሌላ 20 ዓመት። ከዚያ ደግሞ ወደ ኢሴ በሚወስደው በድሮው መንገድ ላይ፣ ሴኪና ኩዋና በሚባሉ ቦታዎች ሌላ ቶሪ ይሆናሉ። እኔ ፀሐይ በመሃሉ ስትገባ ፎቶ ያነሳሁት በር የአሮጌው መቅደስ ምሰሶ ነበር ማለት ነው። አሮጌው የት አለ እያልኩ በሥሩ አልፌ ገብቻለሁ።

ፎቶውን ከፍቼ አሰፋሁት። ምሰሶው ላይ ቁመቱን ይዞ የወረደ ስንጥቅ አለ። ያን ቀን አላየሁትም።

ምላሽ 26 አናጢው ነው። ይህን ሲያነብ እንቅልፍ አጥቷል። ስለ ዛፉ አመጣጥ ያገኘውን አካፈለን። የ2033ቱ ሥራ ተጀምሯል። በጁን 2025 ናጋኖ ውስጥ፣ ኪሶ ተራሮች ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሂኖኪዎች ወድቀዋል። 300 ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። መጋዝ የለም፤ መጥረቢያ ብቻ። ቆራጮቹ ግንዱን ከሦስት በኩል ይቦረቡሩታል። መሃሉ ባዶ ሆኖ ዛፉ በሦስት እግር እስኪቆም። ከዚያ አንዱን እግር ሲቆርጡት ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ይተኛል። ሲወድቅ ደግሞ ከራሱ ጫፍ ቅርንጫፍ ቆርጠው ጉቶው ላይ ይተክሉለታል። ይህን ሲያነብ መጥረቢያውን ከመኪናው አውርዶ አየው። ለምን እንዳየው አያውቅም።

የመቅደሱ የራሱ ጫካም አለ። ወደ 5,500 ሄክታር ነው። በ1923 ለ200 ዓመት የሚሆን ዕቅድ አውጥተው ሂኖኪ መትከል ጀመሩ። ጥሩ ያድጋሉ ያሏቸውን ዛፎች ግንድ በነጭ ቀለም ቀለበት ያደርጉባቸዋል። የሚቆርጣቸው ሰው ገና አልተወለደም። አናጢው ይህን ያስተዋለው ስለ ቀለሙ ነው። ማን እንደሚያድሰው ያሳስበዋል፤ ቀለም 200 ዓመት አይቆይም።

ምላሽ 27 ከዚህ በፊት ምንም ጽፎ የማያውቅ ሰው ነው። ዱባይ ይሠራል። በ2010 ከአንድ የባሕር ጭነት ጋር ጃፓን ወርዶ ሁለት ቀን ዕረፍት ሲያገኝ ኢሴ ሄዷል። እናቱ በሞተች በሦስተኛው ወር ነበር። ጎብኚ አልነበረም፤ የት እንደሚሄድ ሳያውቅ ባቡር ውስጥ ተቀምጦ ነው የደረሰው። መቅደሱ ደጃፍ፣ መጋረጃው ፊት፣ ሰው እስኪገፋው ድረስ አለቀሰ። አንድ ጥበቃ መጥቶ ምንም ሳይናገር ሰውን በሌላ በኩል አሳለፈለት።

ከዚያ ጥያቄ ጠየቀኝ። አንተ የቆምክበት ባዶ ቦታ በስተ ምሥራቅ ያለው ነው? አዎ አልኩት። የአሁኑ ቤት በምዕራብ በኩል ነው፤ በ2013 ከምሥራቅ ተዛውሮ። እንግዲያው እኔ ያለቀስኩበት ቦታ እሱ ነው አለኝ። ያኔ ቤቱ እዚያ ነበር። ባዶው ቦታ በሌላ በኩል ነበር፤ ዞር ብሎም አላየውም።

ምን ብዬ እንደምመልስለት ጠፋኝ። ያነሳሁትን ፎቶ ላክሁለት። ከመንገዱ ስለተነሳ ክልክል አይደለም። ጠጠሩ፣ ትንሿ ጎጆ፣ አንድ ቁራ። ለረጅም ጊዜ መልስ አልመጣም። ማታ ላይ መጣ። ደረጃዎቹን ከፎቶው እንደለያቸው፣ ቁራውን ግን እንደማያስታውስ ጻፈ። ልጁ አሁን ስምንት ዓመቱ ነው፤ ለ2033ቱ ሥራ እንጨቱን በገመድ ወደ መቅደሱ ሲጎትቱ ሊያሳየው ይፈልጋል። ባዕድ ሰው ገመድ መያዝ ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄውን ለምላሽ 2 አስተላለፍኩ። ባለፈው፣ በ2006 እና በ2007፣ ከውጭ የመጡ ሰዎች ቀድመው ተመዝግበው ጎትተዋል አለች። ዘንድሮ ምዝገባው በማን በኩል እንደሆነ ጎረቤቷን፣ ዳቦ ጋጋሪዋን፣ ነገ ጠዋት ትጠይቅልናለች።